በአመድ የተሳለ ጀልባ

ባለፈው ኅዳር፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ቤተሰቤን ይዤ ከጅማ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ወረድሁ። ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ7 ዓመት ወንድ ልጄና እናቴ አብረውኝ ነበሩ። ከአንድ ዓሣ አስጋሪ ከነቀዛፊው በተከራየነው የእንጨት ጀልባ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ቆየን። አልተገለበጥንም፣ ውኃም አልገባብንም፤ ሁላችንም ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰን ነበር፤ ልጄም በገዛ እጇ ባሰረችው ሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ነፍሳት እንዲመስል በተሠራ መንጠቆ፣ የመጀመሪያዋን ቆሮሶ ዓሣ ያዘች። ወደ ቤት ስንመለስ ቀኑ የተሳካ እንደነበር ቅንጣት ያህል አልተጠራጠርሁም።

ማታ ራት ከመቅረቡ በፊት እናቴን ላስታጥባት ማስታጠቢያውን ይዤ ቀረብሁ። መዳፏን ስትዘረጋ፣ በሁለቱም እጆቿ ላይ ከአውራ ጣት ሥር ተነሥቶ እስከ ማርያም ጣት የሚደርስ ቀጥ ያለ ቀይ ሰንበር ተጋድሞ አየሁ። የጀልባው ጠርዝ ነው። እኛ ስንስቅ፣ ዓሣ ስንፈታ፣ ፎቶግራፍ ስንነሣ፣ እሷ ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር።

“እማዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?” አልኋት።

“ልጆቹ እንዲያ ደስ ብሏቸው እያየሁ ምን ብዬ ልናገር? ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔም ጠርዜን ያዝሁ” አለችና እጇን አደራረቀች። ቀጥላም፣ “በሚቀጥለው እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቡና አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ” አለች።

ሰንበሩ በማግስቱ አልነበረም፤ “እናንተ ሂዱ” ያለችው ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ቀን በፊት ለስምንት ወራት ያህል ለቤተሰብ የሚሆን ጀልባ ለመምረጥ ስጥር ቆይቻለሁ። ደብተሬ ውስጥ ርዝመት፣ የሞተር ጉልበት፣ ዋጋ፣ የተሠራበት ቁስና የማጓጓዣ ወጪ በየገጹ ተጽፏል። ሰው ጀልባው ላይ ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያሳርፍ የሚል መስመር ግን በአንዱም ገጽ አልነበረም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ ንግግርና ስለ ጨርቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ስለ እናቴ አያያዝ የተተረተ ያህል ይሰማኝ ጀመር፤ በአፏ ያልተናገረችውን እጇ ተናግሮት ነበርና።

ከዳንካ ወደ ጊቤ

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድን፣ ማለትም ፍላይ ፊሺንግን፣ የተማርሁት ለሥራ ባሌ ጎባ በቆየሁባቸው ዓመታት ነው። ከኬንያ መጥቶ በዌብና በዳንካ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የተባለ ዓሣ የሚኖረው በቀዝቃዛና በጠራ ውኃ ነው። አጥማጁ ዳር ላይ ቆሞ ወይም እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይወረውራል እንጂ ጀልባ አያሻውም። ጅማ ስመለስ የጠበቀኝ ውኃ ሌላ ዓይነት ነው። ከከተማችን በሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት የጀመረው ባለ 184 ሜጋ ዋቱ ግልገል ጊቤ፣ ሰፊና ደፍራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። ቆሮሶ አለው፤ የስምጥ ሸለቆ አስጋሪዎች ቢልጫ የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቤኦባርበስ ኢንተርሚዲየስ የሚባለው ባለ ጢም ዓሣም አለው። ቢልጫ ነፍሳትን የሚበላና መንጠቆ ከዋጠ በኋላ ብርቱ ትግል የሚገጥም በመሆኑ ለዝንብ አጥማጅ ከትራውት የማያንስ ደስታ ይሰጣል። ነገር ግን ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ቆሞ መወርወር አይቻልም፤ ወደ ዓሣው የሚያደርሰው ጀልባ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ማጥመድ የሚሆን ጀልባ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ክሩ ነው። በተራው ማጥመጃ የሚወረወረው ጫፉ ላይ የታሰረው የእርሳስ ክብደት ሲሆን ክሩ ተጎትቶ ይከተላል። በፍላይ ፊሺንግ ግን ዝንቡ ክብደት የለውም ለማለት ይቻላል፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ከፊቱ 12 ሜትር ለመወርወር የሚፈልግ ሰው ከኋላውም ወደዚያ የሚጠጋ ርዝመት አየር ላይ መዘርጋት አለበት። የተረፈው ክር ደግሞ ተራውን እየጠበቀ እግሩ ሥር ይከመራል። ብሎን፣ ምስማር፣ የተጋደመ መቅዘፊያ፣ የሞተር እጀታ፣ የልጅ ጫማ ማሰሪያ፣ እነዚህ ሁሉ ያንን ክር ይጠልፋሉ። ከዚህ አንጻር ብቻ ቢታይ የጣና የደንገል ታንኳ ጠርዝም ምስማርም ስለሌለው ክር የሚጠልፍ ነገር አይገኝበትም፤ በልጅነቴ ባሕር ዳር ሄጄ ካየሁት ጀምሮ ውበቱን አደንቃለሁ። ሆኖም ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድና ዳር ወጥቶ መድረቅ ስላለበት፣ ለአያትና ለሕፃን ደረቅ መቀመጫ ሊሆን አይችልም።

እኔ በልቤ ይዤው የነበረው ጀልባ ከታንኳ እጅግ የራቀ ነበር። ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ አምስት ሜትር የሚደርስ፣ ከፊቱ ከፍ ያለ ሰፊ መቆሚያ ያለው፣ ማዕበል እንዲሰነጥቅ ሆዱ እንደ ቪ ፊደል የሾለ ነው። ዛሬ ጊቤ፣ ነገ ሐዋሳ፣ ከነገ ወዲያ ጫሞ ይዤው እሄዳለሁ፤ ለልጆቹ መዝናኛ፣ ለእኔ ማጥመጃ፣ ለእንግዳ ማንሸራሸሪያ ይሆናል እያልሁ ሁለገብ የሚለውን ቃል በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ ጽፌው ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚሉት ሽማግሌዎቻችን በዚህ ጉዳይ ትክክል ናቸው። ጫሞ አዞ የሞላበት ውኃ ነው፤ ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር በትንሽ ጀልባ የሚገባበት አይደለም። ሐዋሳ ሩቅ ነው፤ ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ እንሄድ ይሆናል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሄዱበት ውኃ ብሎ በየወሩ ለሚሄዱበት ውኃ የማይመች ጀልባ መግዛት ሁለገብነት ሊባል አይገባውም። ይህን ለመቀበል ብዙ ሌሊት ፈጅቶብኛል፤ ምኞትን ከደብተር መሰረዝ ቀላል አይደለምና።

የእናቴን መዳፍ ካየሁ በኋላ በነበረው ሳምንት ለብቻዬ ወደ ሐይቁ ተመልሼ የተከራየነውን ጀልባ በሜትር ለካሁት። ውኃው በሚነካበት ቦታ ላይ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነበር። ባለቤቱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ መረባቸውን እየጠገኑ ሲመለከቱኝ ቆዩና፣ “ልጄ፣ ይህ የመረብ ጀልባ ነው፤ መረብ ደግሞ አይፈራም” አሉኝ።

ጀልባ ወደ ጎን እንዳይንጋደድ የሚያደርገው ጉልበት ከርዝመቱ ጋር በእኩል መጠን ያድጋል፤ ከስፋቱ ጋር ግን የሚያድገው በሦስተኛ ርቢ ነው። ርዝመቱ ሳይለወጥ 90 ሳንቲ ሜትር የነበረው ስፋት 130 ቢሆን፣ ጀልባው መንጋደድን የሚቋቋምበት ጉልበት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ርዝመት ሳስብ የቆየሁት እኔ፣ ይህን ስሌት ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ስሠራው መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። እናቴን ያስጨነቃት የጀልባው ጥበት ነው፤ ሰፊ ጀልባ ብገዛ ነገሩ ያልቃል ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

አመዱ ላይ

ልኮቹን አንድ በአንድ ለባለቤቴ ሳስረዳት፣ “ቁጥሩ አይታየኝም፤ እስቲ መሬት ላይ አሳየኝ” አለችኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ችንካር ተክዬ ሲባጎ ወጠርሁ፤ ልጆቹም ከጓዳ ያመጡትን አመድ በሲባጎው ሥር እየነሰነሱ አራት ጀልባ ሣሉ። ለመቀመጫ ሳሎን ያሉትን የጅማ በርጩማዎች አወጣን። ጀልባን ያህል ነገር በአመድና በበርጩማ መምረጥ ይቻላል ብዬ ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ወዳጅ ቢኖረኝ ከማንኛውም ነገር በፊት ይህን እንዲያደርግ እለምነዋለሁ።

የመጀመሪያው 4 ሜትር ከ80 ርዝመትና 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካኑ የሚባለው ቀጭን የመቅዘፊያ ጀልባ ነበር። ለሁለት ሰው ያምራል፤ አምስታችን በተራ ስንቀመጥ ግን መነሣት የሚችል አልነበረም። በእሱ ላይ አልቆየንም።

ሁለተኛው በአየር የሚነፋው ነው። ይህን ጀልባ ብዙ ሰው ስለሚያቃልለው በደንብ ልናገርለት እፈልጋለሁ። ታጥፎ ፒካፕ ላይ ይጫናል፤ በቀላሉ አይገለበጥም፤ አየሩ በተለያዩ ክፍሎች ስለሚያዝ አንዱ ቢበሳ ሌሎቹ ያንሳፍፋሉ። ፀሐይ ሲበረታበት በውስጡ ያለው አየር እንደሚለጠጥና ጥቂት መተንፈስ እንዳለበት ካወቁ በኋላ አያስቸግርም። ነገር ግን በአመድ ስንሥለው እውነተኛ ጠባዩ ወጣ። የውጪው ስፋት 1 ሜትር ከ70 ቢሆንም፣ ወፍራሞቹ ቱቦዎች ግራና ቀኝ ሲቀነሱ ለሰው የሚተርፈው ወለል 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልጆቹ ሁለተኛውን መስመር በውስጥ በኩል ሲነሰንሱ ባለቤቴ፣ “ታዲያ ይሄ ያው የመረቡ ጀልባ አይደል?” አለች። ከዚህም ሌላ፣ መንጠቆ በየደቂቃው በሚወረወርበት ቦታ በአየር በተሞላ ቱቦ ላይ እናቴን ለማስቀመጥ ልቤ አልፈቀደም።

የምመኘው ፋይበር ግላስ ሦስተኛው ነበር። አመዱ ከበሩ ፊት ጀምሮ ግቢውን ሞላው። ሞተሩ ሳይታሰብ ራሱ ጀልባው ብቻ 300 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚመዝን ስናገር ባለቤቴ የሐይቁን ጭቃ አስታወሰችኝ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

አራተኛው ጠፍጣፋ ሆድ ያለው የአሉሚኒየም ጀልባ ሲሆን ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 ነው። አምስት በርጩማ አስገብተን ተቀመጥን፤ ደስ አለን። በአሜሪካ ርዝመታቸው ከ6 ሜትር ለሚያንሱ ጀልባዎች የሚሠራበት አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ርዝመቱና ስፋቱ በጫማ ተባዝቶ ለ15 ይካፈላል፤ የሚገኘው ቁጥር አየሩ ሲረጋ ጀልባው ሊይዝ የሚገባው የሰው ብዛት ነው። ጮክ ብዬ አሰላሁት። አራት ተኩል መጣ፤ ግማሽ ሰው ስለሌለ አራት ማለት ነው። ቁጥሩን ተናግሬ ሳልጨርስ እናቴ ከበርጩማዋ ተነሥታ፣ “እኔ ዳር እቀመጣለሁ፤ ስንቅ የሚጠብቅም ሰው ያስፈልጋል” አለች።

ወንድ ልጄ ምንም ሳይናገር በእግሩ የጀልባውን የፊት መስመር ደመሰሰውና ወደፊት ሄዶ አዲስ መስመር ነሰነሰ። ርዝመቱን 4 ሜትር ከ60፣ ስፋቱን 1 ሜትር ከ60 አድርገን ደግሜ ባሰላው አምስት ሰው ያዘ። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች።

እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን የማጥመጃ ዘንጓን ከቤት አምጥታ በመንጠቆው ቦታ ቀይ የሱፍ ክር አሰረችና ያን ቅዳሜ ተቀምጣበት ወደነበረው የፊት ቦታ ሄደች። ወደ ግራው ጠርዝ ዞራ ቆመች፤ ወረወረች። ልጄ ግራኝ ናት። ክሩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ በጀልባው መሐል በኩል አለፈና ቀዩ ሱፍ ከእናቴ ነጠላ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተወነጨፈ። በዚያች ቅጽበት የእናቴ አንገት ወደ ትከሻዋ ገባ፤ ሁለቱም እጆቿ ወርደው የበርጩማውን ጠርዝ ጨበጡ።

ቦታው ግቢያችን ነው። ውኃ የለም፤ የሚንጋደድ ነገርም የለም። ጀልባው አመድ ነው። እጆቿ ግን ያን ቅዳሜ የያዙትን አያያዝ ያዙ። ልጄ ዘንጉን ዝቅ አደረገች፤ ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ወደ እናቴ ጠጋ ብዬ በዝግታ፣ “እማዬ፣ ያን ቀንም እንዲህ ነበር?” ስል ጠየቅኋት።

ልጅቷ ራቅ እስክትል ጠበቀችና፣ “መንጠቆው በጆሮዬ ሥር እያፏጨ ይመላለስ ነበር። ብናገር ልጅቷ ትሰማና ዳግመኛ አትወረውርም ብዬ ነው። ውኃውንስ ለምጄው ነበር” አለችኝ።

ይህን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል። ሰንበሩን አይቼ ምክንያቱን በስሌት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ስሌቱ ስሕተት አልነበረውም፤ ጠባብ ጀልባ ጠባብ ነው። እናቴ የጨበጠችው ግን ጥበቱን ብቻ አልነበረም። የልጅ ልጇን ደስታ ላለማበላሸት ስትል ከራሷ በላይ የሚያፏጭ መንጠቆ ሦስት ሰዓት ታግሣ፣ ለእኔ የነገረችኝ ስለ ውኃ ብቻ ነበር። ሰፊውን ጀልባ ገዝቼ ልጄን እንደገና ከፊት ባስቆማት፣ እናቴ በሰፊው ጀልባ ላይም ጠርዙን እንደጨበጠች ትመለስ ነበር፤ እኔም ሁለተኛ አልጠይቃትም ነበር።

ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ የሰውን ቦታ ስንቀያይር ቆየን። በመጨረሻ ያገኘነው እንዲህ ነው። ጀልባው ወደ ጎን ሆኖ በነፋስ እየተገፋ ሲንሳፈፍ፣ እኔ ከፊት፣ ልጄ ከኋላ፣ ሁለታችንም ወደ ግራው ጠርዝ ዞረን እንቆማለን። እኔ ቀኝ እጄን ስለምጠቀም እጄ በጀልባው አፍንጫ በኩል ይውላል፤ የልጄ ግራ እጅ በጅራቱ በኩል ይውላል። ሁለቱም ክሮች ከጀልባው ውጭ ይዘረጋሉ፤ መሐሉ ነጻ ይሆናል። እናቴ፣ ባለቤቴና ወንድ ልጄ መሐል ላይ ይቀመጣሉ። ነፋሱ አቅጣጫ ለውጦ ክሩን ወደ ውስጥ የሚገፋ ከሆነ ሁለታችንም መወርወር እናቆማለን። የመንጠቆዎቹን ወደ ኋላ የሾለ ምላስ ሁሉ በፒንሳ ደፍጥጫለሁ፤ ቢያገኝ እንኳ ሳይቀድ እንዲወጣ። ባርኔጣና መነጽርም ለሁሉም ሆኗል።

ይህ የቦታ አደላደል በጀልባው አሠራር ላይ የሚጠይቀው ነገር አለ። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የማጥመጃ ጀልባዎች ከፊት ብቻ መቆሚያ አላቸው፤ ኋላቸው ለሞተሩ፣ ለነዳጁና ለባትሪው የተተወ ነው። እኛ ግን ልጃችን ከኋላ እንድትቆም እንፈልጋለን። ስለዚህ ጅራቱ እንደ አፍንጫው ደልዳላና ባዶ ወለል ሊኖረው፣ ሞተሩም ቀላልና ወደ ላይ ታጥፎ ከክር መንገድ የሚወጣ ሊሆን ይገባል። ሁለት ጫፎቹ ለሚቆሙ፣ መሐሉ ለሚቀመጡ ሰዎች የተሠራ ጀልባ ለእኛ ሁለገብ ነው። ወንድ ልጄ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመሐል ወደ ጫፍ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን ከጫፍ ወደ መሐል እገባለሁ።

ሐይቁ የሚፈቅደው

ከአመዱ በኋላ የቀረው ከውኃው ጋር መስማማት ነበር። ግልገል ጊቤ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ ዳሩ በአንድ ቦታ አይረጋም። ክረምቱ ሲወጣ ሞልቶ ሣሩን ይነካል፤ በጋው እየገፋ ተርባይኖቹ ውኃውን ሲጠቀሙ ወደ ኋላ ይሸሽና ሰፊ ጭቃ ትቶ ይሄዳል። የተሠራ ማውረጃ በሌለበት ዳር ጀልባን ውኃ የሚያደርሰው ክንድ ነው። ስለዚህ ክብደት ከዋጋ ይቀድማል።

ለጅማ ብረት ሠሪዎች ጉዳዩን ሳማክር በላሜራ ሊሠሩልኝ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ዋጋውም ቀላል ነበር። ነገር ግን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን፣ በተመሳሳይ ውፍረት አሉሚኒየም ከ5 ኪሎ ግራም ተኩል አይበልጥም። የእኛ ጀልባ ከነመቀመጫውና ከነመቆሚያው ወደ 14 ካሬ ሜትር ላሜራ ይፈልጋል። በብረት ቢሠራ 220 ኪሎ ግራም፣ በአሉሚኒየም ቢሠራ 75 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያውን ለመሸከም ሰፈር መጥራት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን አራት ሰው ያነሣዋል። አሉሚኒየሙ የአርጎን ብየዳ ስለሚፈልግ አዲስ አበባ የሚገኝ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ግድ ሆነብኝ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ውኃ የሞላበት የብረታ ብረት ጀልባ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። ስለዚህ በመቀመጫዎቹ ሥር ያለው ክፍት ቦታ ሁሉ ውኃ በማይመጥ ፎም እንዲሞላ አዝዣለሁ፤ እያንዳንዱ ሊትር ፎም ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል።

ሞተሩን በተመለከተ ሻጮች ስለ ከፍታ አይናገሩም። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,671 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስድስት የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው እዚህ በአምስት ፈረስ ያገለግላል። ለእኛ አምስቱ ይበቃናል፤ ዝንብ አጥማጅ ፍጥነት አይፈልግም። ትንሹ ሞተር 25 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ባለቤቴና እኔ ለሁለት እንሸከመዋለን፤ ሲታጠፍም የልጄን ወለል አይሻማም።

ጠፍጣፋ ሆድ ያለ እንከን አይደለም። በረጋ ውኃ ላይ እንደ መሬት ይቆማል፤ ማዕበል ሲነሣ ግን ሆዱን እየተመታ ይንገጫገጫል፤ ተቀማጩንም ያርሳል። በሐይቁ ላይ ነፋስ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ጀልባ መምረጥ ማለዳን መምረጥ ማለት ነው። ምሽትማ አስቀድሞም የእኛ አልነበረም። ዓሣ ደኅና የሚበላው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም በግድቡ ዙሪያ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ በጥናት የታወቀ ነው፤ የወባ ትንኝ የምትወጣውም ጨለማው ሲቃረብ ነው። ከስድስት ዓሣ በሁለቱ ረክቶ ከቀትር በፊት መመለስ ለቤተሰብ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ እኔም በደስታ እከፍለዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከእናቴ ተማርሁ። የአሉሚኒየም ወለል ላይ ጫማ ሲያርፍ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ድምፅ በውኃ ውስጥ በአየር ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናልና ዓሣው ወዲያው ይሰማዋል። ለዚህ ውድ ላስቲክ ልገዛ ሳስብ እናቴ፣ “ሰሌን አንጥፉበት” አለች። አመዱ ላይ አንጥፈን ሞከርነው። ክሩ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ወጣ፤ አንድም ቦታ አልተጠለፈም። ነፋስ እንዳያነሣው ዳርና ዳሩ በላስቲክ ገመድ ይታሰራል።

ሥራው ተጀምሯል። ባለሙያው የላከልኝን ንድፍ ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለእናቴ አንድ በአንድ አሳየኋት። የመሐሉ መቀመጫ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንዳለው፣ ጀርባው መደገፊያ እንዳለው፣ ከመቀመጫው ግራና ቀኝ ክብ እጀታ እንደተበየደበት ነገርኋት። በጣቷ መስመሩን ተከትላ እጀታው ጋ ስትደርስ አላቆመችም፤ አልፋው ሄደች። ከመደገፊያው ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ነካ አድርጋ፣ “ፔርሙዙ እዚህ ነው የሚቀመጠው?” አለችኝ።

ስለ ፔርሙዝ አላሰብሁም ነበር። እርሳስ አምጥቼ እሷ በነካችው ቦታ ላይ፣ ክዳን ያለው፣ ሲኒም ጭምር የሚይዝ ሣጥን ሣልሁና ንድፉን መልሼ ላክሁት።